የሮታሪ ክለብ ፈቃደኞችና የልጅነት ልምሻ ዘመቻ፦ ለጀማዓችን የሚሆን ትምህርት

በአላህ ስም እጀምራለሁ። ሰላትና ሰላም በነቢያችን በሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.)፣ በቤተሰቦቻቸውና በሶሓቦቻቸው ላይ ይሁን።

ውድ የጀማዓችን አባላት፣ የመስጊዳችን ኮሚቴ ለዚህ የመታሰቢያ መጽሔት አንድ የታሪክ ጽሑፍ እንዳዘጋጅ በጠየቀኝ ጊዜ ብዙ አሰብኩ። መስጊዱ እንዴት እንደተመሠረተ፣ ድንጋዩን ማን እንዳጋዘ፣ ቆርቆሮውን ማን እንደገዛ፣ በዕድሜም በዕውቀትም የሚበልጡኝ አባቶች በዚሁ መጽሔት ጽፈውታል። እኔ የመረጥኩት ለአንዳንዶቻችሁ እንግዳ የሚመስል ርእስ ነው። ይኸውም የእኛ ስላልሆነ አንድ የበጎ አድራጎት ክለብ፣ በየቤታችን ደጅ እየመጣ ስላንኳኳ ሥራው፣ እኛም በሩን ስንከፍትና ስንዘጋ ስለኖርንበት ታሪክ ነው። ግራ እንዳያጋባ፣ ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተጻፉ መሆናቸውን በቅድሚያ እገልጻለሁ።

ይህን ርእስ እንድመርጥ ያደረገኝ አንድ ደረሳ ነው። በልጅነቴ በወሎ ገጠር ቁርኣን ስቀራ አብሮን የሚቀራ አንድ ልጅ ነበር። አንድ እግሩ እንደ ሸምበቆ የቀጠነ፣ መሬት ሲረግጥ የሚከዳው ነበር። በሦስት ዓመቱ ገደማ ለጥቂት ቀናት ትኩሳት ይዞት፣ ትኩሳቱ ሲለቀው እግሩ አብሮ እንደለቀቀ ይነገር ነበር። ለውዱእ ወደ ወንዝ ስንወርድ በተራ እናዝለው ነበር። በሒፍዝ ሁላችንን ይበልጠን ስለነበር፣ እሱን ያዘለ ሰው የተሳሳተውን አንቀጽ ከጀርባው እየተታረመ ይወርዳል። ሰዎች ስለ እግሩ ሲጠየቁ አንዱ ምች ነው ይላል፣ ሌላው ጂን መታው ይላል። የበሽታውን ስም የነገረን አልነበረም። እኔም ስሙን ያወቅኩት ከዓመታት በኋላ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ገብቼ የባዮሎጂ አስተማሪያችን በሰሌዳ ላይ ሲጽፈው ነው። የልጅነት ልምሻ ወይም ፖሊዮ ይባላል።

ሮታሪ ክለብ ምንድን ነው?

ሮታሪ ክለብ የተጀመረው በ1905 በየካቲት ወር በአሜሪካ በቺካጎ ከተማ ነው። ጀማሪው ፖል ሃሪስ የሚባል ጠበቃ ሲሆን፣ በመጀመሪያው ስብሰባ ላይ አብረውት የነበሩት ሦስት ሰዎች የድንጋይ ከሰል ነጋዴ፣ የማዕድን መሐንዲስና ልብስ ሰፊ ነበሩ። ፖል ሃሪስ ከትንሽ ከተማ የመጣ ሰው በመሆኑ በትልቁ ከተማ ውስጥ ሰው ከሰው የማይተዋወቅ ሆኖ አገኘው። በመሆኑም የተለያየ ሙያ ያላቸው ሰዎች ተገናኝተው እንዲወዳጁ አሰበ። ስብሰባው ዛሬ በአንዱ ቢሮ፣ በሚቀጥለው ጊዜ በሌላው ቢሮ በተራ ይደረግ ስለነበር ስሙ ሮታሪ ተባለ፤ ተዘዋዋሪ እንደማለት ነው። የእኛ ሰው በየቤቱ ተራ እየገባ ቡና እያፈላ የሚሰበሰብበትን ጀማ ለሚያውቅ ይህ አሠራር እንግዳ አይሆንበትም።

ክለቡ በመጀመሪያ የአባላቱን መረዳዳት እንጂ የሌላውን ችግር አያስብም ነበር። ቆይቶ ግን ለራስ ብቻ የሚሆን መተሳሰብ ጎዶሎ መሆኑን ተረዱ። በ1907 ለሕዝብ የሠሩት የመጀመሪያ ሥራ ምን እንደሆነ ብነግራችሁ ትገረሙ ይሆናል። በቺካጎ ከተማ መሃል የሕዝብ መጸዳጃ ቤት እንዲሠራ ማስተባበር ነበር። ሰው የሚንቀውን ነገር ግን ሁሉም የሚቸገርበትን ሥራ መርጠው ጀመሩ። ንጽሕና በዲናችን ያለውን ቦታ ለምናውቅ ለእኛ ይህ ትንሽ ሥራ አይደለም።

ዛሬ ሮታሪ ከ1 ሚሊዮን በላይ አባላት ያሉት፣ በአብዛኛዎቹ የዓለም ሀገሮች የሚገኝ ድርጅት ነው። ወደ ሀገራችን የገባው በ1955 የአዲስ አበባ ሮታሪ ክለብ ሲቋቋም ነው። ከዚያ ወዲህ ሌሎች ክለቦችም ተመሥርተዋል። አባላቱ ሐኪሞች፣ ነጋዴዎች፣ መምህራን፣ መሐንዲሶች ናቸው። ለዚህ አገልግሎታቸው ደመወዝ አይከፈላቸውም፤ እንዲያውም መዋጮ የሚያወጡት እነሱ ናቸው። የውኃ ጉድጓድ፣ የተሽከርካሪ ወንበር፣ የትምህርት ቁሳቁስ፣ የመሳሰለውን ሁሉ ይሠራሉ። ከሁሉ የሚበልጠው ሥራቸው ግን የልጅነት ልምሻን ከምድር ላይ ለማጥፋት የተነሡበት ነው።

በሽታውና መድኃኒቱ

የልጅነት ልምሻን የሚያመጣው በዓይን የማይታይ ቫይረስ ነው። ቫይረሱ ከታመመው ሰው ዓይነ ምድር ጋር ወጥቶ በተበከለ ውኃ፣ ባልታጠበ እጅና በምግብ በኩል ወደ ሌላው ሰው አፍ ይገባል። በአብዛኛው የሚያጠቃው ከአምስት ዓመት በታች ያሉትን ሕፃናት ነው። ከተለከፉት መካከል አብዛኞቹ ምንም ሳይታይባቸው ያልፋል፣ ነገር ግን በሽታውን ለሌላው ያስተላልፋሉ። ከ200 ሰው አንዱን ያህል ግን ቫይረሱ ወደ ነርቩ ገብቶ ዳግም በማይመለስ ሁኔታ ሽባ ያደርገዋል። የመተንፈሻ ጡንቻን ከያዘም ይገድላል። ከያዘ በኋላ የሚያድን መድኃኒት እስከ ዛሬ የለም። ያለው መንገድ ቀድሞ መከላከል ብቻ ነው።

በክትባት መከላከል እንደሚቻል የታወቀው በሚያዝያ ወር 1955 ነው። ዮናስ ሳልክ የሚባለው ተመራማሪ የሠራው በመርፌ የሚሰጥ ክትባት እንደሚሠራ በዚያ ወር ተገለጸ። አዲስ አበባ ላይ የሮታሪ ክለብ የተቋቋመውም በዚያው ዓመት መሆኑ የሚያስገርም ግጥምጥም ነው። ቀጥሎም አልበርት ሳቢን በአፍ በጠብታ የሚሰጠውን ሠራ። ይህኛው መርፌ ስለማይፈልግ ሐኪም ያልሆነ ሰው እንኳ ጥቂት ሰልጥኖ ሊሰጠው ይችላል። የቤት ለቤት ዘመቻ ሊኖር የቻለውም በዚህ ምክንያት ነው።

ሮታሪ በ1979 በፊሊፒንስ ሀገር ስድስት ሚሊዮን ያህል ሕፃናትን ለማስከተብ ተነሣ። ሥራው መልካም ፍሬ ስላሳየ በ1985 ፖሊዮ ፕላስ የተባለውን ዓለም አቀፍ ዘመቻ ጀመረ። ከአባላቱ 120 ሚሊዮን ዶላር ለመሰብሰብ አቅዶ በሦስት ዓመት ውስጥ ከዕቅዱ እጥፍ በላይ፣ 247 ሚሊዮን ዶላር ያህል ሰበሰበ። በ1988 የዓለም ጤና ጉባኤ በሽታውን ከዓለም ለማጥፋት ሲወስን፣ የዓለም ጤና ድርጅት፣ ዩኒሴፍና የአሜሪካ የበሽታ መከላከያ ማዕከል ከሮታሪ ጋር ተባበሩ። በዚያ ዓመት ከ125 በሚበልጡ ሀገሮች ውስጥ በየዓመቱ 350,000 ያህል ሕፃናት ሽባ ይሆኑ ነበር። በቀን ሲታሰብ ወደ አንድ ሺህ ይጠጋል። ያ የቂርኣት ቤት ጓደኛዬ በሽታው ከያዛቸው ሕፃናት አንዱ ነበር። በሀገራችን የክትባት ፕሮግራም የተጀመረው በ1980 ቢሆንም፣ በዚያ ዘመን ወደ እሱ መንደር የሚያደርስ መንገድ እንኳ አልነበረም።

የቢጫ ሰደርያ ዘመን

በኢትዮጵያ ብሔራዊ የፖሊዮ ክትባት ቀናት የተጀመሩት በ1996 ነው። ብዙዎቻችሁ ታስታውሱታላችሁ። ክትባቱ ሙቀት ስለማይችል ፈቃደኞቹ በበረዶ የተሞላ ሣጥን በትከሻቸው አንግተው ይመጣሉ። በር ያንኳኳሉ፤ ከአምስት ዓመት በታች ያለ ልጅ ስንት እንደሆነ ይጠይቃሉ። ሁለት ጠብታ በልጁ አፍ ያደርጋሉ። የልጁን ጣት በቀለም ምልክት ያደርጉበታል፤ በበሩ ላይም በጠመኔ ይጽፋሉ። ከዚያ ወደ ሚቀጥለው ቤት ይሄዳሉ። ሥራው ይኸው ነው። ነገር ግን ይህን ሥራ በደጋውም በቆላውም፣ በግመል መንገድም በእግር መንገድም፣ በሚሊዮን ለሚቆጠሩ ሕፃናት ደጋግሞ መሥራት ምን ያህል ድካም እንዳለው የተጓዘ ያውቀዋል።

በዚህ ሥራ ላይ ዋናውን ሸክም የተሸከሙት የመንግሥት ጤና ሠራተኞችና የየቀበሌው ፈቃደኞች ናቸው። የሮታሪ አባላት ደግሞ ገንዘብ በማሰባሰብ፣ ሕዝብ በመቀስቀስና ራሳቸውም ሣጥን ተሸክመው በመዞር አገዙ። በአሜሪካ የሚኖሩ የሀገራችን ተወላጆች የክለብ ጓደኞቻቸውን አስከትለው፣ የአውሮፕላን ዋጋቸውን ከኪሳቸው ከፍለው በዘመቻው ቀን በየመንደሩ ይዞሩ ነበር። በገዛ ሀገሩ ጎረቤቱን የማይጠይቅ ሰው ባለበት ዘመን፣ ባሕር አቋርጦ የማያውቀውን ሕፃን አፍ ለመክፈት የሚመጣ ሰው መኖሩ ሊያሳስበን ይገባል።

ፍሬውም ታየ። በ2001 መጀመሪያ ከተገኘው ሕመምተኛ በኋላ በሀገራችን ለአራት ዓመት ያህል የልጅነት ልምሻ አልታየም። ብዙዎች ነገሩ አበቃ ብለው ነበር። በ2004 መጨረሻ ግን በሽታው ከሱዳን በኩል ተመልሶ ገባ።

ከካኖ የተነሣው ወሬ

እንዴት ተመለሰ? ይህ የታሪኩ መራራ ክፍል ነው፤ እኛን ኢማሞችንም በቀጥታ ይመለከተናል።

በ2003 በሰሜን ናይጄሪያ፣ በተለይ በካኖ፣ አንዳንድ የሃይማኖት መሪዎች የፖሊዮ ክትባት ልጃገረዶችን መካን ለማድረግ በምዕራባውያን የተሠራ ሴራ ነው ብለው ተናገሩ። የክፍለ ሀገሩ መንግሥትም ዘመቻውን አቆመ። ፍትሕ እንዳናጎድል፣ ሕዝቡ ያለ ምንም ምክንያት አልደነገጠም። በ1996 በካኖ የማጅራት ገትር ወረርሽኝ በተነሣ ጊዜ አንድ የውጭ መድኃኒት ፋብሪካ አዲስ መድኃኒት በሕፃናት ላይ ሞክሮ፣ ሕፃናት ሞተው፣ ጉዳዩ ለብዙ ዓመታት ፍርድ ቤት ደርሷል። አንድ ጊዜ በእባብ የተነደፈ በልጥ በረየ እንደሚባለው፣ ሕዝቡ ልጥ አይቶ በረየ። የሕዝቡ ሐዘን እውነት ነበር። ስለ ፖሊዮ ጠብታው የተነገረው ግን እውነት አልነበረም።

ክትባቱ በተለያዩ ሀገሮች ላቦራቶሪ ተመረመረ፣ የተባለው ነገርም አልተገኘበትም። በመጨረሻም የሙስሊም ሀገር ከሆነችው ከኢንዶኔዥያ በመጣ ክትባት ካኖ በ2004 ዘመቻውን ቀጠለ። ከአሥር ወር ያላነሰ ጊዜ ግን አልፎ ነበር። ቫይረሱ በዚያ ጊዜ አልተቀመጠም። ከናይጄሪያ ወደ ቻድ፣ ከቻድ ወደ ሱዳን፣ ከሱዳን ወደ እኛ ተጓዘ። ሳዑዲ ዓረቢያም ደረሰ። በ2005 በየመን በመቶ የሚቆጠሩ ሕፃናት ሽባ ሆኑ፤ ኢንዶኔዥያ ራሷ ሳትቀር ወረርሽኙ አገኛት። ነጃሺ ሙሃጅሮቹን የተቀበሉባት ሀገራችን ደግሞ ከካኖ የመጣ በሽታ ተቀበለች። ሽባ ከሆኑት መካከል አብዛኞቹ የሙስሊም ልጆች ነበሩ። ወሬውን በሚንበር ላይ የተናገረው ሰው በሀገራችን ድንበር የተኛውን ሕፃን አያውቀውም። በአላህ ዘንድ ግን የምላሳችን ቃል የት እንደደረሰ ይጻፋል።

የራሴ ጥፋት

ስለ ካኖ ኢማሞች ይህን ከጻፍኩ በኋላ ስለ ራሴ ዝም ብል ፍትሕ አይሆንም።

በ2005 በከተማችን የክትባት ዘመቻ ሲታወጅ እኔ ወጣት ነበርኩ፤ ኢማሙ በማይመቻቸው ጊዜ አሰግድ ነበር። ያ ወሬ እኛም ዘንድ ደርሶ ነበር። አንድ ሐሙስ ቀን ሁለት ፈቃደኞች ቢጫ ሰደርያ ለብሰው መስጊዱ በር ላይ መጡ። ጫማቸውን አውልቀው፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ ነገ ከጁምዓ ሰላት በኋላ ለጀማዓው አንድ ቃል እንድናገርላቸው ጠየቁኝ። እኔም የኮሚቴው ፈቃድ ያስፈልጋል አልኳቸው። የኮሚቴውን ሰዎች ግን አልጠየቅኩም። ጁምዓ ተሰገደ፤ እኔም ዝም አልኩ። ወሬውን አላመንኩትም፤ ነገር ግን ሰው ምን ይለኛል ብዬ ፈራሁ። ወሬን በማውራት ብቻ ሳይሆን እውነትን በመደበቅም እንደሚበደል ኪታብ የቀራ ሰው ያውቀዋል።

ቅዳሜ ጠዋት እነዚያው ሰዎች ቤታችን መጡ። የመጀመሪያ ልጄ ገና ጡት አልጣለችም ነበር። በሩ ላይ ቆሜ ዛሬ አይመቸንም ብዬ ልመልሳቸው ስል እናቴ ከጓዳ ሰማችኝ። ያን ደረሳ ታውቀዋለች፤ ለዒድ አብሮኝ ሲመጣ ገንፎ እየሠራች ታበላው ነበር። እንዲህ አለችኝ፦ «ልጄ፣ ያን ወዳጅህን ወንዝ ድረስ ስታዝለው የኖርከው አንተ አይደለህም? ያን ጊዜ እንዲህ ያለ ነገር ደጃቸው ቢመጣ እናቱ ትመልሰው ነበር?» መልስ አልነበረኝም። ልጄን ተቀብላኝ ራሷ ወደ በሩ ወሰደቻት። ሁለት ጠብታ አደረጉላት፤ ጣቷን ቀለም ቀቡት። በሩ ላይ በጠመኔ ጻፉና አመስግነው ሄዱ። በሚቀጥለው ጁምዓ ከጀማዓው ፊት ቆሜ ባለፈው ሳምንት መናገር የነበረብኝን ተናገርኩ። ከመካከላችሁ የሚያስታውስ ሰው ይኖራል። ያልተናገርኩበትን ሳምንት ግን እስከ ዛሬ ተውበት አደርግበታለሁ።

ከእነሱ ጋር መሥራት ይፈቀድልናልን?

አንዳንድ ወንድሞች ሮታሪ የፍሪሜሶን ተቀጽላ ነው፣ በዓረብ ሀገር ያሉ ዑለማዎችም አባልነቱን ከልክለዋል ይላሉ። እንዲህ ያለ ፈትዋ መሰጠቱ እውነት ነው። ሮታሪ በበኩሉ ከሃይማኖትም ከፖለቲካም ነፃ የሆነ፣ ከፍሪሜሶንም ጋር ግንኙነት የሌለው የአገልግሎት ክለብ መሆኑን ይናገራል። እኔ በዚህ ጽሑፍ ማንንም አባል ሁን አልልም፤ አትሁንም አልልም፤ ያ ጉዳይ ዑለማዎችን የሚጠየቅ ነው። እኔ የምጠይቀው ጥያቄ ሌላ ነው። ልጅን ከሽባነት የሚያድን ሥራ በደጃችን ሲመጣ፣ የተሸከመው ሰው ማን ነው ብለን እንመልሰዋለን ወይ?

ለዚህ ከሲራ የተሻለ ምስክር የለም። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) ነቢይ ከመሆናቸው በፊት፣ ገና ወጣት ሳሉ፣ የመካ ሰዎች በዓብደላህ ኢብን ጁድዓን ቤት ተሰብስበው ሒልፈል ፉዱል የተባለውን ቃል ኪዳን ተጋቡ። አንድ የየመን ነጋዴ ዕቃውን ሸጦ ገንዘቡን ተከልክሎ ስለጮኸ፣ በመካ የተበደለ ሰው ሁሉ፣ የሀገሩም ሆነ እንግዳ፣ መብቱ እስኪመለስ አብረውት እንዲቆሙ ተማማሉ። ተማማዮቹ ሙስሊሞች አልነበሩም፤ እስልምና ገና አልመጣም። ሆኖም ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) ከነቢይነት በኋላ ያን ቃል ኪዳን በመልካም አስታውሰው፣ በእስልምናም ዘመን ወደዚያ ዓይነት ነገር ቢጠሩ እሺ እንደሚሉ ተናግረዋል። ይህም ማለት መልካም ሥራ ከየትም ቢመጣ መልካም ነው፤ ከበጎ ሥራ ጋር መተባበርም የዲናችን ትእዛዝ ነው።

ሌላው የሚነሣው ነገር በአላህ መመካት ነው። የቀደረው አይቀርም፣ ክትባት ለምን ያስፈልጋል የሚሉ አሉ። ኸሊፋው ዑመር (ረ.ዐ.) በ18ኛው ዓመተ ሒጅራ ወደ ሻም ሲጓዙ በዚያ ወረርሽኝ መግባቱን ሰምተው ሰዉን ይዘው ተመለሱ። አቡ ዑበይዳ (ረ.ዐ.) ከአላህ ውሳኔ መሸሽ ነውን ብለው ሲጠይቋቸው፣ መመለሱም ከአላህ ውሳኔ ውጭ እንዳልሆነ አስረዷቸው። ሰበብ ማድረግ ተወኩልን አያፈርስም። ደግሞም ክትባት የባዕድ ፈጠራ ብቻ አይደለም። በኦቶማን ሙስሊሞች ሀገር ሴቶች ከፈንጣጣ ቁስል ወስደው ልጆችን ይከትቡ ነበር። የእንግሊዝ አምባሳደር ሚስት ይህን አይታ በ1717 ወደ ሀገሯ ጻፈች፤ እንግሊዞችም ከዚያ ወዲህ ተቀበሉት። በሀገራችንም አባቶቻችን ከዘመናዊ ሕክምና በፊት ፈንጣጣን በዚሁ መንገድ ይከትቡ ነበር።

የመርካው ሰው

ከዚህ ሁሉ በላይ የሚያስተምረን የጎረቤታችን የሶማሊያ ሰው ታሪክ ነው። ዓሊ ማኦው ማሊን በመርካ ከተማ ሆስፒታል ወጥ ቤት የሚሠራ ወጣት ነበር። የፈንጣጣ ክትባት ለሁሉም በሚሰጥበት ጊዜ መርፌው ያመኛል ብሎ ፈርቶ ሸሸ። በ1977 በጥቅምት ወር የፈንጣጣ በሽተኞችን የጫነ መኪና መንገድ ጠፍቶት ሊያሳይ ገብቶ ተቀመጠ። በዚያች አጭር ጊዜ በሽታው ያዘው። አላህ አዳነው። በዓለም ላይ በተፈጥሮ መንገድ ፈንጣጣ የያዘው የመጨረሻው ሰውም እሱ ሆነ። በሀገራችን የመጨረሻው የተገኘው ከዚያ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ በ1976 ነው። ዛሬ ልጆቻችን ፈንጣጣን በስም እንጂ በመልክ አያውቁትም።

ዓሊ ከብዙ ዓመታት በኋላ የፖሊዮ ክትባት ፈቃደኛ ሆነ። በየመንደሩ እየዞረ፣ ልጃችንን አናስከትብም ለሚሉ ወላጆች የራሱን ታሪክ ይነግራቸው ነበር። ከፈንጣጣ የመጨረሻ ሆንኩ፣ ሀገሬ ከፖሊዮ የመጨረሻ እንዳትሆን እፈልጋለሁ ይል ነበር። በ2013 ፖሊዮ ወደ ሶማሊያ ሲመለስ እንደገና ተነሥቶ ወጣ፤ በዘመቻው ላይ ሳለም ወባ ይዞት በዚያው ዓመት በሐምሌ ወር ሞተ። አላህ ይዘንለት። ፈርቶ የሸሸ ሰው ያን ፍርሃቱን ሳይደብቅ ለሌላው መዳኛ አደረገው። እኔም የራሴን ጥፋት በዚህ መጽሔት ላይ ለመጻፍ የደፈርኩት የእሱን ታሪክ ካወቅኩ በኋላ ነው።

የ2013ቱ ወረርሽኝ በሶማሊያ ወደ 200 የሚጠጉ ሰዎችን ሽባ አደረገ። ወደ ሀገራችንም ተሻግሮ በሶማሌ ክልል በዶሎ ዞን አሥር ሰዎችን ያዘ። የመጨረሻው በጥር 2014 ተገኘ። በዚያው ዓመት የአል-አዝሃር፣ የዓለም አቀፉ የፊቅህ አካዳሚ፣ የእስልምና ትብብር ድርጅትና የእስልምና ልማት ባንክ ተወካዮች ጅዳ ላይ ተሰብስበው ክትባቱን ደገፉ፤ ወላጆች ልጆቻቸውን እንዲያስከትቡም ጥሪ አደረጉ። በሀገራችንም በዘመቻው ወቅት ብዙ ኢማሞችና የጎሳ ሽማግሌዎች ከፈቃደኞቹ ፊት ፊት ሄደዋል። በ2017 ኢትዮጵያ ከተፈጥሮው የፖሊዮ ቫይረስ ነፃ መሆኗ ተረጋገጠ። በነሐሴ ወር 2020 ደግሞ የዓለም ጤና ድርጅት የአፍሪካ ቀጠና ነፃ መሆኑ ታወጀ። ያች ወሬ የተነሣባት ናይጄሪያ የመጨረሻዋ ሆና ነፃ ወጣች። አልሐምዱ ሊላህ።

አሁን ያለንበት

ይሁን እንጂ ነገሩ አበቃ ብለን እንዳንተኛ። የተፈጥሮው ቫይረስ በአፍጋኒስታንና በፓኪስታን አልጠፋም። ከዚያ የተነሣውም በ2022 ማላዊና ሞዛምቢክ ላይ ታይቷል። በሌላ በኩል ብዙ ሕፃናት ባልተከተቡበት ቦታ በጠብታው ውስጥ ያለው የተዳከመ ቫይረስ ከልጅ ወደ ልጅ ለረጅም ጊዜ ሲዘዋወር ተለውጦ በሽታ ሊያመጣ ይችላል። ይህን መደበቅ አያስፈልግም። ከ2019 ወዲህ በሀገራችንም ይህ ዓይነቱ ታይቷል። ሆኖም መፍትሔው ክትባትን መተው አይደለም፤ ያልተከተበ ልጅ በሠፈራችን እንዳይኖር ማድረግ ነው። ሁሉም ከተከተበ ቫይረሱ የሚዘዋወርበት ቦታ አያገኝም።

በጋዛ የሆነውንም ሁላችንም ሰምተናል። ውኃና ፍሳሽ በተደባለቀበት፣ ክትባት በተቋረጠበት፣ በጦርነቱ መካከል በነሐሴ ወር 2024 አንድ የአሥር ወር ሕፃን በፖሊዮ ሽባ መሆኑ ተረጋገጠ። በዚያ ሀገር ከ25 ዓመት በኋላ የመጀመሪያው ነበር። እናቶች ቦምብ በሚወድቅበት ሀገር ልጆቻቸውን አዝለው ለዚያች ሁለት ጠብታ ተሰለፉ። በአንድ ዙር ብቻ ከግማሽ ሚሊዮን በላይ ሕፃናት ተከተቡ። እኛ ደግሞ በሰላም ተቀምጠን፣ ደጃችን ድረስ ሲመጣልን፣ አይመቸንም ብለን የምንመልስ ከሆነ ምን መልስ ይኖረናል?

ስለዚህ ይህን ጽሑፍ ስደመድም ለኮሚቴውና ለጀማዓው ሦስት ነገር አሳስባለሁ።

አንደኛ፣ የክትባት ዘመቻ በታወጀ ቁጥር ማስታወቂያው ከጁምዓ ሰላት በኋላ ሳይጠየቅ ይነገር። ፈቃደኛው መጥቶ በር ላይ እስኪቆም አንጠብቅ። ስለ ክትባቱ የሚያጠራጥር ነገር የሰማ ሰው ቢኖር ወሬውን ከማሰራጨቱ በፊት ለኮሚቴው ይንገር፤ ከጀማዓችን ባሉ ሐኪሞችና ነርሶች እናጣራለን።

ሁለተኛ፣ እድራችን የሟቾችን ቤተሰብ መዝገብ እንደሚይዝ ሁሉ፣ በየቤቱ ከአምስት ዓመት በታች ያሉ ሕፃናትንም ይመዝግብ። ለከፈን የምናዋጣ ሰዎች ለሕይወትም ማዋጣት አያቅተንም። ወጣቶቻችን ከሮታሪ ፈቃደኞች፣ ከጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞችና ከሌላ እምነት ጎረቤቶቻችን ጋር ሣጥኑን ይሸከሙ። ኒያውን ያስተካከለ ሰው እያንዳንዷ እርምጃው ሰደቃ ናት።

ሦስተኛ፣ ከመስጊዳችን የውዱእ ቦታ እስከ ሰላት ቤቱ ድረስ ያለው ደረጃ በልምሻ ለተጎዱ ወንድሞቻችን አይመችም። በዚህ በሚታደሰው ሥራ ውስጥ አንድ የተንሸራታች መንገድ እና ዝቅ ያለ የውዱእ ቧንቧ ይጨመር። በሽታው ቢጠፋም የያዛቸው ሰዎች ገና ከእኛ ጋር አሉ።

ያ ወዳጄ አሁን ራሱ ልጆችን ያስቀራል፤ በክራንች እየሄደ። ከጥቂት ዓመታት በፊት ላየው ሄጄ ነበር። ከሚቀሩት ሕፃናት መካከል የሚያነክስ አንድ እንኳ አልነበረም። ሁሉም ለውዱእ ወደ ወንዙ በሩጫ ወረዱ። እሱ ክራንቹን ተደግፎ በር ላይ ቆሞ ያያቸው ነበር። ዱዓ እንዳደርግለት ስጠይቀው፣ ለእኔ ሳይሆን እነዚህ እንዲህ እየሮጡ እንዲኖሩ ዱዓ አድርግ አለኝ።

አላህ ልጆቻችንን ከበሽታ፣ ምላሳችንን ከሐሰት ወሬ ይጠብቅልን። በዚህ ሥራ የደከሙትን ሁሉ በመልካም ይመንዳልን። ኣሚን።